ኔትወርክ ያለበት ጥግ

ወደ ደብረ ወርቅ ስትደውሉ መጀመሪያ የሚመጣው ሰላምታ አይደለም። "ሄሎ፣ ይሰማል?" ነው። ቀጥሎ "ቆይ፣ ወደ ውጭ ልውጣ" ይመጣል። በር ሲከፈት ይሰማል፣ ዶሮ ይሰማል፣ ንፋስ ይሰማል። ከዚያ ነው "እንደምን ከረማችሁ" የሚጀመረው። የጎጃም ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከሰው ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ አዝመራ እየተሻገረ ነው የሚያልቀው። ስልክ አሳጠረው። ሳይቆረጥ ዋናውን ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ጊዜ ከተረፈ ሰላምታው ይደርሳል።

የአባቴ ወገን ከዚያው ነው። ከደጀን በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ ከሆነ፣ ደብረ ወርቅን በብቸናና በሞጣ መካከል ታገኟታላችሁ፤ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ወደ ጮቄ ይወጣል፤ በምሥራቅ አገሩ እየወረደ ወደ ዓባይ በረሃ ይገባል። እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ሲሆን የምበላው ግን በሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ዘመድ ቤት በሄድኩ ቁጥር "አንተ ተምረሃል፣ ይኼ ኔትወርክ ምን ሆኖ ነው?" መባሌ አይቀርም። አንዱ ምክንያት ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው። ሌላው ወደ ኋላ ይመጣል።

እዚያ ያየሁት ቤት ሁሉ ኔትወርክ ያለበት ጥግ አለው። አያቴ (እምዬ ነው የምንላት) ቤት ውስጥ ጥጉ መስኮቱ አጠገብ ነው፤ ሚስማር ተመትቶ ስልኩ በገመድ ይንጠለጠላል። ጎረቤት ደግሞ የአጥሩ ቋሚ ላይ ነው። ስልኩ እንደ ተንቀሳቃሽ ተገዝቶ እንደ ግድግዳ ስልክ ይኖራል ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ባሮቹ እናውራ። ስልካችሁ አናት ላይ ደረጃ በደረጃ የሚያድጉት ዘንጎች ስንት ሲሆኑ ጥሩ ነው? ለዚህ ሁሉም የተስማማበት ደንብ የለም። እያንዳንዱ አምራች በራሱ ቀመር ነው የሚስላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 አፕል አይፎን 4ን ባወጣበት ሰሞን ስልኩ ሲጨበጥ ባሩ ወረደ የሚል ወቀሳ ሲበዛ፣ ኩባንያው ቀመሩ ከሚገባው በላይ ባር ሲያሳይ እንደኖረ በራሱ ደብዳቤ አምኗል። ቀመሩንም ቀየረው። ስለዚህ የናንተ 3 ባርና የጓደኛችሁ 3 ባር አንድ ላይሆን ይችላል።

እውነተኛው ቁጥር ዲቢኤም ይባላል። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ፣ በብዙዎቹ ላይ ኮከብ መሰላል ኮከብ መሰላል 4636 መሰላል ኮከብ መሰላል ኮከብ ስትሉ ይወጣል (ጥንቆላ ይመስላል፣ አይደለም)። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። ከዜሮ በታች 60 በጣም ጥሩ ነው፤ ከዜሮ በታች 110 ላይ ነገሩ እያለቀ ነው። ከዜሮ በታች 100 ማለት ስልካችሁ እጅ የደረሰው ኃይል የአንድ ዋት አሥር ትሪሊዮንኛ ነው። በዚህም ድምፅ ተሸክሞ መምጣቱ እስካሁን ይገርመኛል። በየ10 ቁጥሩ ደግሞ ኃይሉ በአሥር እጥፍ ይለያያል። እምዬ ቤት በሩ ላይ ስለካ ከዜሮ በታች 95 አካባቢ ነበር፤ ምድጃው አጠገብ 109። በጥቂት እርምጃ 25 እጥፍ ጠፋ ማለት ነው። ባሩ ከሁለት ወደ አንድ ነው የወረደው።

ባሩ ጨርሶ የማይናገረው ነገር ደግሞ አለ። ባሩ የሚለካው ስልኩ ማማውን ምን ያህል እንደሚሰማ ነው። ማማው ስልኩን መስማት አለመስማቱን አይነግራችሁም። የቤተ ክርስቲያን ደወል ከኮረብታ ላይ ሲደወል የሚሰማው ሰው መልሶ መጮህ አይጠበቅበትም። ደብረ ወርቅ ማርያም ከፍታ ላይ መሆኗም ለዚህ ይመቻል፤ "ደብር" ራሱ በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። ስልክ ግን መመለስ አለበት። ማማው በአሥር ዋቶች ይናገራል፤ ስልኩ በኪስ ባትሪ። "እኔ እሰማሻለሁ፣ አንቺ አትሰሚኝም?" የሚለው የሁላችንም ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። የድሮው የሁለተኛ ትውልድ ስልክ በ900 ሜጋኸርትዝ ላይ እስከ 2 ዋት ድረስ መጮህ ይችላል። ስማርት ስልክ በ3ጂ ወይም በ4ጂ ላይ ሲሆን ጣሪያው ሩብ ዋት ገደማ ነው። የእምዬ ቁልፍ ያላት ኖኪያ የኔ ውድ ስልክ ባልሠራበት ቦታ ስትሠራ "ድሮ ዕቃ ጠንካራ ነበር" ይባላል፤ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፣ ጉልበቷም ይበልጣል። በዚያ ላይ ረጅም ሞገድ ግድግዳን በተሻለ ያልፋል። የ900ው ሞገድ ርዝመት 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 3ጂ በብዛት የሚሄድበት የ2100ው 14 ሳንቲ ሜትር ብቻ።

እና ለምንድነው ኔትወርኩ ከበር መልስ የሚቀረው? ፊዚክሱን ነገርኳችሁ። የቀረው መልስ ታሪክ ነው። የአገራችን ስልክ ሲጀመር ቤት መግባት በሐሳቡ አልነበረም።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ራስ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1889 ወደ ጣሊያን ሄደው ሲመለሱ ይዘው መጡ ይባላል። ሽቦ ውስጥ የሚናገረው ሰይጣን ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት ነበሩ የሚለውን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ቴሌ ዕድሜውን የሚቆጥርበት እ.ኤ.አ. 1894 ከሐረር አዲስ አበባ የሚዘልቀው መስመር ሥራ የሚጠቀስበት ዓመት ነው፤ 477 ኪሎ ሜትር። ቀጥሎ ጣሊያኖች አዲስ አበባን ከአስመራ ጋር የሚያገናኝ መስመር ዘረጉ። መስመሮቹን በሐሳባችሁ ካርታ ላይ ብታስቀምጧቸው ከቤተ መንግሥት ተነስተው ወደ ገዥ መቀመጫ፣ ወደ ጉምሩክ፣ ወደ ድንበር ይሄዳሉ። ንጉሡ ከሹማቸው ጋር የሚነጋገሩበት ዕቃ ነበር። መንገድ ላይ ያለው ገበሬ ያገኘው ግንዱን ብቻ ነው፤ ሽቦው በማሳው አናት ላይ ያልፋል።

ስለዚህም ነው ጦርነት ሲመጣ ሽቦው መጀመሪያ የሚመታው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የስልክ ሽቦ እየበጠሱ የጠላትን ምሽግ ከምሽግ ይለያዩ ነበር። ሽቦው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክ ብድርም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በእኛ ቤተሰብ ውስጥ በአንድ ወረቀት ነው የሚታወሰው። አጎቴ አዲስ አበባ ሲማር ቤት ለመደወል መጀመሪያ ቀጠሮ ይይዛል። ከቴሌ ቢሮ አንድ መልእክተኛ ወረቀት ይዞ እምዬ ቤት ይመጣል፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ስልክ ስለሚጠበቅ ይምጡ የሚል። እምዬ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ስታይ ታለቅሳለች። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃለች፤ መርዶ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚነግረው። ግን ደህና ለሆነ ነገር ማን ገንዘብ አውጥቶ ይደውላል? ባለ ወረቀቱ እስኪነበብላትና ቀኑ እስኪደርስ እንቅልፍ የለም። ደርሳ ቢሮው ውስጥ ወረፋ ይዛ ስትጠራ፣ ከዚያ ከመጣው ድምፅ ይልቅ የኦፕሬተሯን "ጮክ ይበሉ እማማ!" ነው በደንብ የምታስታውሰው። የቢሮው ሰው ሁሉ አብሮ ይሰማ ነበር። አጎቴ ፈተና ማለፉን ከተማው ከአያቴ ቤት ቀድሞ ያወቀው በዚህ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል ብዬ አይደለም። በዚያ ዘመን ስልክ ቦታ ነበር፤ ሰው ወደ ስልኩ ይሄዳል። ተንቀሳቃሽ ሲመጣ የተገለበጠው ይህ ነው ተብሎ ነበር።

ሞባይል በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ጂኤስኤም ነበር። ሲም ካርድ ለማግኘት ተመዝግቦ ወረፋ መጠበቅ ነበረ፤ ያወጣ ሰው ቀበቶው ላይ አድርጎ ነው የሚዞረው። ከምርጫ 97 በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሁለት ዓመት ለሚሆን ጊዜ ተዘጋ፤ በሚሊኒየሙ መባቻ ተመለሰ። ልብ በሉ፣ በነዚያ ሁለት ዓመታት ስልኩ ላይ ባሩ ሙሉ ነበር። ባር ስለ ማማው እንጂ ከማማው ጀርባ ስላለው ነገር እንደማይናገር አገሩ ያኔ ተምሯል፤ ቋንቋ አልሰጠነውም እንጂ።

በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲመሠረት የአስተዳደሩን ሥራ ፍራንስ ቴሌኮም ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የማስፋፊያ ውል ተፈረመ። በየኮረብታው የምናያቸው ማማዎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የበጀት ዓመት ማብቂያ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም 78.3 ሚሊዮን ደንበኛ አለኝ ብሏል። ይህ ቀልድ አይደለም። ያቺ ወረቀት አይታ የምታለቅስ ሴት ስልኳን ሚስማር ላይ እንድትሰቅል ያደረገው ይህ ሥራ ነው፤ ማቃለል አልፈልግም።

ግን ግቡ እንዴት ነበር የተጻፈው? በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ የገጠር ነዋሪ በ5 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የቴሌኮም አገልግሎት እንዲያገኝ የሚል መለኪያ ነበረ። አምስት ኪሎ ሜትር ክብ ነው፤ ካርታ ላይ በኮምፓስ ይሳላል። ጎጃም ግን በኮምፓስ የተሠራ አገር አይደለም። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች መሬቱን ሸንትረውታል። ማማው 3 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ መሃል ላይ አንድ ጉብታ ካለ፣ ከጉብታው ማዶ ያለው ቤት ጥላ ውስጥ ነው። በአንጻሩ ሜዳ ላይ ጂኤስኤም እስከ 35 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያግደው የድምፁ ወደዚያና ወደዚህ መመላለሻ ጊዜ ስሌት ነው። የሽፋን ካርታ ሲሳልም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ደጅ ላይ ነው፤ ሰው ቆሞ፣ ሰማይ አናቱ ላይ ሆኖ። ሰው ግን የሚታመመው፣ የሚወልደው፣ ሌሊት የሚደነግጠው ቤት ውስጥ ነው።

ቤቱም ራሱ ተቀይሯል። ሣር ቤት ሲደርቅ የሬዲዮ ሞገድ እንደ ልቡ ያሳልፋል፤ ጭቃና እንጨቱም ቢሆን የሚወስደው መጠነኛ ነው። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ሞገድን ይመልሳል። ማማው ከኮረብታ ላይ ቁልቁል የሚያይ ከሆነ የሚመጣው ምልክት መጀመሪያ የሚያገኘው ጣሪያውን ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ጤፍ ሸጦ፣ ሣሩን አውልቆ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ከዝናብ ይድናል፣ ከእሳት ይድናል፣ ከኔትወርክም ይድናል። ግድግዳውም በሩም ቆርቆሮ የሆነ ሱቅ ውስጥ ገብታችሁ በሩን ብትዘጉት ደግሞ የተሟላ የፋራዳይ ሳጥን ነው፤ በትምህርት ቤት የተማርነው። ባለሱቁ ደንበኛ ከሌለም ደፉ ላይ ቆሞ የሚውለው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

የገበያ ቀንስ? በገበያ ቀን ባሩ ሙሉ ሆኖ የማይደወለው ለምንድነው ላላችሁኝ፣ በ3ጂ ላይ ሁሉም ሰው በአንድ ሞገድ ላይ ነው የሚናገረው፤ የአንዱ ወሬ ለሌላው ጫጫታ ነው። ሰው ሲበዛ ማማው የራቁትን መለየት ያቅተዋል፣ የሽፋኑ ክብ ይጨማደዳል። ጠርዝ ላይ ያለ ቤት በሰው ብዛት ይወጣል፣ ገበያው ሲበተን ይመለሳል። እምዬ "ገበያ ሲሆን ስልኩ ይታመማል" የምትለው ትክክል ነበረች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማማው በባትሪው ይቆያል፤ ባትሪው ሲያልቅና ጄኔሬተር ከሌለ ያልቅለታል። ብዙ ማማዎች ድምፃቸውን የሚያስተላልፉት አንዱ ለአንዱ በማይክሮዌቭ እየተቀባበሉ ስለሆነ፣ የሩቁ ሲወድቅ የቅርቡ ቆሞ እያለ ዱዳ ሊሆን ይችላል። በስልካችሁ ላይ ያኔም ባር አለ።

አሁን ወደ ሌላው ምክንያቴ ልምጣ። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። የድምፅ ጥሪ አንዳንድ ቀን ይሠራ ነበር፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም። አዲስ አበባ የምንኖር የክልሉ ልጆች በዚያ ጊዜ ያደረግነውን ታውቁታላችሁ። ቢሮ ውስጥ ስብሰባ መሃል ተነስቶ ኮሪደር ላይ መደወል። "ደንበኛውን አሁን ማግኘት አይቻልም" የምትለዋን ሴት ድምፅ መስማት። ዘግቶ እንደገና መደወል።

ያቺ ሴት የምትናገረውን ከምህንድስናው በኩል ስለማውቀው ለእኔ ይብስ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኔትወርኩ እያንዳንዱ ስልክ መጨረሻ የታየበትን አካባቢ መዝግቦ ይይዛል። ስልኩ በየተወሰነ ጊዜ "አለሁ" እያለ ራሱ ያስታውቃል። ሲደወል በዚያ አካባቢ ያሉ ማማዎች ስሙን ይጠሩታል። መልስ ከሌለ፣ ወይም ቀድሞም "አለሁ" ማለቱን ካቆመ፣ የለም ተብሎ ይመዘገባል። ባትሪ አልቆ ይሁን፣ ስልኩ ከሚስማሩ ወርዶ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ይሁን፣ ማማው ጨልሞ ይሁን፣ ወይም ሌላ፣ ሌላ ነገር ይሁን፣ ለደዋዩ የሚደርሰው ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ መሣሪያ ከኔ ጋር አልነበረም። የእምዬ ወረቀት በሌላ መልክ እኔ እጅ ገባ።

ሰው መላ አያጣም። የእኛ ቤት መላ ሚስኮል ሆነ። ሚስኮል ድሮም ነበር፤ ሂሳብ የሌለው ሁሉ የሚያውቀው ቋንቋ ነው። አንዴ ጠርቶ ከጠፋ "ደርሻለሁ"፣ ሁለቴ ከሆነ "ደውሉልኝ"። በዚያ ክረምት የአክስቴ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከአጥሩ ቋሚ አጠገብ ቆማ አንዴ ትደውልና ትዘጋለች። ያ ማለት ሁላችንም ደህና ነን፣ ቤት ነን ማለት ነው። ምንም ብር አይቆጠርም፣ ዳታ አይፈልግም፤ 2ጂ ብቻ ይበቃዋል። እኔም ወዲያው በቤተሰብ ቡድናችን ላይ "ጠራች" ብዬ እጽፋለሁ። ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዱባይ። ያልጠራች ማታ ማንም አይጽፍም፤ ሁሉም ግን ኦንላይን ነው።

ስለ ሥራዬም አንድ ነገር ቀየረ። እኛ አዲስ አበባ ያለን አፕ የምንጽፍ ሰዎች ዓለምን በሁለት እንከፍላለን፦ ኦንላይንና ኦፍላይን። ስልኩ ባር ካለው ኦንላይን ነው ብለን ኮዱን እንጽፋለን። በመካከል ያለው ሰፊ አገር (ባር አለ፣ ዳታ የለም፤ ዳታ አለ፣ አይንቀሳቀስም፤ ደጅ ላይ አለ፣ ቤት ውስጥ የለም) በኮዳችን ውስጥ ስም የለውም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ከአፑ ጎን ኮከብ 127 መሰላል ብሎ የሚገባው መንገድ መኖሩ ብዙዎቻችን እንደ ድሮ ነገር ያየነው ነበር። ያ መንገድ ዩኤስኤስዲ ይባላል፤ ስልኩና ማማው ጥሪ ለማዘጋጀት የሚነጋገሩበትን መስመር ነው የሚጠቀመው፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ በቁልፍ ስልክም ይሠራል። አፑ ሞቶ በነበረባቸው ወራት ገንዘብ ወደዚያ የሚሄድበት መንገድ ካለ በዚህ ነበር። አሁን አንድ ነገር ስሠራ መጀመሪያ የምጠይቀው "በኮከብና በመሰላል ይሠራል?" ነው። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ሁለተኛ ኩባንያ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ይሻሻላል የሚል ተስፋ በሰው ዘንድ አለ። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2021 ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ በ2022 ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል። ፉክክር ጥሩ ነው። የኔ ጥያቄ ግን ትንሽ ናት፦ የሽፋን ቁጥር ሲነገረን የተለካው ደጅ ነው ወይስ ጓዳ? በሌላው ዓለም የቤት ውስጥና የደጅ ሽፋንን ለይተው በካርታ የሚያወጡ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ የእንግሊዙ ኦፍኮም አንዱ ነው። ሰው አድራሻውን አስገብቶ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ያያል። እኛ ጋ ይህን የሚያውቀው ሚስማሩን የመታው ሰው ነው።

እስከዚያው የአክስቴን ልጅና ሞጣና ብቸና ያሉ ሁለት የአጎት ልጆችን ያቺን የ4636 ጥንቆላ አስተምሬያቸዋለሁ። ሲመቻቸው በዘመድ ቤት እየገቡ ሁለት ቁጥር ይልኩልኛል፤ የበሩንና የምድጃውን። ደብተር ላይ ነው የምጽፈው። ቁጥሮቹ የሚላኩት በአጭር መልእክት ነው፤ አንዳንዱ በማግስቱ ይደርሳል። ልዩነቱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ በቅርቡ ቆርቆሮ በመታ አንድ ቤት ከእምዬም የባሰ ሆኗል። በሩና ምድጃው እኩል ሆነው የተገኙበት አንድ ቤት ብቻ አለ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሣር ቤት። ባለቤቱ በሚመጣው ዓመት ቆርቆሮ ሊያለብሱት እንጨት እያዘጋጁ ነው።